እናት ተክል በአፈር፣ በውሃ ወይስ በሬድ አሽ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ላይ ቶሎ ያድጋል?» ነው፣ መልሱ ደግሞ አያከራክርም፣ ውሃው ላይ። ግን እናት ተክል፣ ማለትም ለችግኝ የሚሆን ቁራጭ የምንወስድባት ተክል፣ በወር ተኩል ነቅላችሁ የምትበሏት ሰላጣ አይደለችም፣ በየሁለት ሳምንቱ ቁራጭ እየወሰዳችሁባት አመት ሁለት አመት አብራችሁ የምትኖሩ ናችሁ። ስለዚህ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ሥሯ ሲበዛ መከርከሙ ምን ያህል ያስቸግራል፣ መብራት ሲጠፋስ ምን ትሆናለች። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የጥብስ ቅጠል፣ ናና፣ በሶብላና ጌራኒየም እናቶች አሉኝ፣ ቁራጫቸውን ሥር አስይዤ ነው የምሸጠው፣ የምጽፈውም ከዛ ተነስቼ ነው።

አፈር። ወጪው ሳክሲ፣ አፈር፣ አሸዋና ኮምፖስት ነው፣ አለቀ። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋም ተክሏ አትሰማም። ችግሩ ከስድስት ወር እስከ አመት ባለው ጊዜ ሥሩ ሳክሲውን ይሞላና ክብ እየዞረ መጠቅለል ይጀምራል፣ ውሃ ስታጠጡ ዝም ብሎ በጎን ይወርዳል፣ የምትሰጠው ቁራጭም ቀጭን እየሆነ ይመጣል። ያኔ አንድ ቀን ቀድማችሁ አጠጧትና ገልብጣችሁ አውጧት፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ከዙሪያዋ ሁለት ሦስት ሴንቲ፣ ከታች ደግሞ ሩብ ያህሉን ቆርጣችሁ አዲስ አፈር ሞልታችሁ እዛው ሳክሲ መልሷት። ላይኛውንም በዛው ልክ ከርክሙ፣ ሥሯን ቀንሳችሁ ቅጠሏን እንዳለ ብትተዉት ውሃ ማድረስ ያቅታትና ትጠወልጋለች። ከዛ ሳምንት አስር ቀን ጥላ ውስጥ። የጥብስ ቅጠል ላይ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ድረስ ከቆረጣችኋት ብዙ ጊዜ ተመልሳ አታቆጠቁጥም። እጃችሁም ቤታችሁም ጭቃ በጭቃ ይሆናል፣ በረንዳ ላይ ከሆናችሁ ጋዜጣ አንጥፉ።

ውሃ (የቀለም ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ፣ ከታች አየር የሚነፋ የአኳሪየም ኤር ፓምፕ)። መከርከሙ እዚህ ጋር ጨዋታ ነው፣ ክዳኑን ብድግ ታደርጋላችሁ፣ ሥሩ እንደ ጺም ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ከጫፉ ቢበዛ ሲሶውን ቆርጣችሁ በዛው ቀን ውሃውን መቀየር ነው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ቡናማ ሆኖ የሚያሟልጭና የሚሸት ካለ እሱን ሙሉ በሙሉ አስወግዱ። ግን ኦክስጅኑ! ሥሩ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ ያለውን ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባህር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም አካባቢ ኦክስጅን ይይዛል፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን ወደ 7 ይወርዳል፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ከዛም ያንሳል። እኔ ሁለት ባልዲ ናና ፀሐይ የሚመታው ጥግ አስቀምጬ መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ ሲመጣ ሥሩ መበስበስ ጀምሮ ነበር፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ባትሪ ያለው ፓምፕ መግዛት ነበረብኝ። ማዳበሪያም ዩሪያ ቤት አለ ብላችሁ እንዳትጨምሩ፣ ዩሪያ ባክቴሪያ ካልቀየረው ለሥሩ ብዙም አይጠቅመውም፣ ካልሲየም ናይትሬት ያለበት ለሃይድሮፖኒክስ (ያለ አፈር ለማሳደግ) የተሰራ ነው የሚያስፈልገው። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከ5.5 እስከ 6.5 መያዝ ስላለበት መለኪያም ትገዛላችሁ። ሌላው ደግሞ ባልዲዎቹን በቱቦ አገናኝቶ አንድ ውሃ ማዞር፣ ሲያዩት ያምራል፣ ግን አንዷ ከታመመች ሁሏም ታመመች። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ አሜሪካ የገባ የጌራኒየም ቁራጭ ላይ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ተገኝቶ የተወገደው ተክል ብዛት ቀላል አልነበረም፣ የእናት በሽታ ከቁራጩ ጋር ደንበኛ ቤት ይሄዳል። እኔ እያንዳንዷን ለብቻዋ ነው የማደርጋት።

ሬድ አሽ። መንገድ ሲሰራ የሚደፋው ቀዩ ድንጋይ፣ አዎ እሱ ራሱ፣ አበባ እርሻዎችም ይጠቀሙበታል። በወንፊት ነፍታችሁ ደቃቁን ታወጡና በደንብ ታጥባላችሁ። አየርም ውሃም ይይዛል፣ ስለዚህ ውሃ የሚያጠጣው ፓምፕ ቢቆም እንደ ባልዲው በአንድ ቀን ጉድ አያደርጋችሁም። ክፉ ጎኑ ሥር መከርከም የሚባል ነገር አይታሰብም፣ ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ ሥሩ ይነክሰዋል፣ ስታወጡት ይበጣጠሳል። እዚህ ላይ እናቷን ከማደስ በአመቱ ከራሷ ጤነኛ ቁራጭ ወስዶ አዲስ እናት ማሳደግና አሮጊቷን ማሰናበት ይሻላል። ዝዋይና አዳማ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያከሽፍ ነገር) ስለሚበዛበት ፒኤቹ ወደ ላይ እየሄደ ያስቸግራችኋል፣ ፒኤቹን ለማውረድ የምትጨምሩትን የአሲድ ወጪ አብራችሁ አስሉ።

እንግዲህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጥብስ ቅጠል አፈር ብቻ፣ እግሯ ውሃ ውስጥ ሲውል አትወድም። ለናናና ለበሶብላ ባልዲ፣ ባትሪ ያለው ፓምፕ መግዛት ከቻላችሁ ነው ታዲያ፣ ካልቻላችሁ አፈር። ሰላሳ አርባ እናት ይዛችሁ ለችግኝ ጣቢያ ልታቀርቡ ካሰባችሁ ሬድ አሽ። ክሪሳንተመም የሚባለው አበባ ያማራችሁ ካላችሁ ሦስቱም ብቻቸውን አያዋጡም፣ የኛ ቀን አመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ማታ አምፖል ካላበራችሁላት እናቷ ቁራጭ መስጠት ትታ አበባ ውስጥ ትገባለች። ጥሩ መቀስና 70 ፐርሰንት አልኮል ግን የትኛውንም ብትመርጡ ግዙ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታልፉ መጥረግ ነው።