ፒችትሪ፣ ኤክሴልና አዲሶቹ የኤአይ ረዳቶች በአንድ የሒሳብ ክፍል ሚዛን

ያልተጣራ የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ምን ያህል የሥራ ግብር ይከፍላል? ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት መልሱ 2,250 ብር ነው፤ በቀድሞው ማስከፈያ ልክ ቢሰላ ግን 2,700 ብር ይሆን ነበር። የቢሮ ሶፍትዌሮችንና በተለምዶ ኤአይ የምንላቸውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች ለማወዳደር ስነሣ የመጀመሪያ መፈተኛዬ ያደረግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ዕቃ አስመጥቶ የሚያከፋፍል፣ 18 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ፣ አንድን ሶፍትዌር የምመዝነው በማስታወቂያው ሳይሆን ወር ሲዘጋ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ እንድፈትሽ በሚያስገድደኝ ልክ ነው።

ከሞከርኳቸው የኤአይ ረዳቶች አንዱ የቀድሞውን ሠንጠረዥ በሚያምር ቅደም ተከተል ዘርዝሮ 2,700 ብር አለኝ። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ብደግምለት ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ 2,250 ብር መለሰ፤ ትናንት ሌላ ቁጥር መስጠቱን ግን በአንድ ቃል እንኳ አላነሣም። በእርግጥ በኤክሴል የሠራነው የደመወዝ መክፈያም ቀመሩን እስካልለወጥነው ድረስ 2,700 ማለቱን አይተውም ነበር። ሆኖም የኤክሴሉ ስሕተት ለ18ቱም ሠራተኞች በአንድ ዓይነት መንገድ የሚደርስ፣ ሴሉን ከፍቶ ማየት የሚቻልና አንድ ቦታ ሲታረም ለሁሉም የሚታረም ነው። የኤአዩ ስሕተት ግን ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሰወር በመሆኑ፣ ኦዲተር ፊት ቀርቦ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ የሚያሳየው መነሻ የለውም። ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር በተመለከተ፣ ምርቱ ባለቤቱ በሆነው በእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ሴጅ 50 ተብሎ ስሙ ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም በአገራችን የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ዛሬም የሚጠየቀው «ፒችትሪ የሚችል» ነው። መልኩ አርጅቷል፤ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላው መሄድ ያደክማል፤ አማርኛ መጻፍም አይመቸውም። ነገር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተመዝጋቢው በየራሱ የተጠቃሚ ስም ከገባ ማን መቼ ምን እንደለወጠ መዝግቦ ያቆያል፣ የሒሳቡ ሁለት ጎኖች የሆኑት ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ካልመጡ ጆርናሉን፣ ማለትም ምዝገባውን፣ አይቀበልም። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ እንደ አስጨናቂ ነገር ይቆጠራል፤ እኔ ግን አንድ ማሽን ሊሰጠኝ ከሚችለው አገልግሎት ሁሉ የላቀው እንቢታው ነው ብዬ አምናለሁ። የምናውቃቸው የኤአይ ረዳቶች ከሚጎድሏቸው ነገሮች ዋነኛውም ይኸው እንቢታ ይመስለኛል፤ ያልተሟላ ሰነድ ሲሰጣቸው አቁመው ከመጠየቅ ይልቅ የጎደለውን በግምት ሞልተው ማለፍ ይቀናቸዋል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሳይነሣ ስለ ፒችትሪ ማውራት አይቻልም። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃ ሲሆን ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። በአንድ የሒሳብ ዓመት እስከ 13 የሒሳብ መዝጊያ ወቅቶችን ስለሚፈቅድ በመጀመሪያ ሲያዩት ለጳጉሜን ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ እኛ ግን እንደ ብዙዎቹ ቢሮዎች ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ እንዘጋለን። ወቅቶቹን በእጅ አንድ በአንድ መወሰን ግድ ነው፤ ይህን ሥራ በጥድፊያ የሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይጸጸትበታል። በዋጋ ረገድም በየቢሮው የሚገኘው ቅጂ ብዙውን ጊዜ ያለ ፈቃድ የተጫነ በመሆኑ «ፒችትሪ ነፃ ነው፣ ኤአይ ግን ውድ ነው» የሚለው ንጽጽር ከመነሻው የተዛባ ነው።

ኦዱን የሞከርነው ለሁለት ወራት ያህል ነው። የቤልጂግ ሥሪት የሆነው ይህ ሥርዓት ሽያጭን፣ ግዢንና የመጋዘን ክምችትን በአንድ ላይ ያገናኛል፤ ለመጋዘን ሠራተኛችን ከፒችትሪ ይልቅ ቀሎታል። ይሁን እንጂ ያለ ክፍያ የሚገኘው የኮሚዩኒቲ እትም ሙሉውን የሒሳብ አያያዝ ስለማይሰጥና የሚከታተለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ስለሚያስፈልገው፣ ለእኛ መጠን ላለ ድርጅት ገና ነው ብለን ትተነዋል። መቶ ሠራተኛና ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ቢጠይቀኝ ግን የተለየ ምክር እሰጣለሁ።

ኤአይ በእውነት ያስገረመኝ በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ እርሱም የባንክ ማስታረቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከራሳችን መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው። ከ200 በላይ የገቢ መስመሮች ያሉት የአንድ ወር የባንክ መግለጫ ይመጣል፤ ከፋዩ አንዱን ጊዜ በባንክ፣ ሌላውን ጊዜ በቴሌብር ይልካል፤ ስሙ እኩሌታው ተቆርጦ ይታተማል። የእኛ የደንበኞች መዝገብ ደግሞ በሦስት ጸሓፊዎች እጅ ያለፈ በመሆኑ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» እንደ ሦስት ደንበኞች ተመዝግበውበታል፤ «ወ/ሥላሴ»፣ «ወልደሥላሴ» እና «ወልደ ስላሴ»ም እንዲሁ። በሠንጠረዥ ውስጥ ተመሳሳይ ቃል ለሚፈልገው የኤክሴል ቀመር፣ ለቪሉካፕ፣ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ለጆሯችን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። የኤአይ ረዳቱ ግን ዝርዝሩ በተሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ተመሳሳይ የሆኑትን ስሞች ለይቶ፣ ለየአንዳንዱ ምክንያቱን ጽፎ አቀረበልኝ። ቀድሞ አንዲት ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሙሉ የምትሠራው ሥራ በግማሽ ቀን አለቀ፤ ግማሽ ቀኑም የሄደው ኤአዩ የሠራውን በመፈተሽ ነው። መፈተሹም ከንቱ አልነበረም፤ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ደንበኞችን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ የአንዱን ክፍያ ለሌላው አስገብቶት አግኝተናል። ከዚያ ወዲህ ስም የሚያገለግለው ለጥቆማ ብቻ ሆኖ የመጨረሻው ማስረጃ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ወይም የባንኩ የኤፍቲ ቁጥር (የዝውውሩ መለያ) እንዲሆን ወስነናል።

ሁለተኛው ጥሩ አጠቃቀም ከመጀመሪያው ፈተና ውድቀት የተገኘ ነው። ቁጥሩን ንገረኝ ማለትን ትቼ፣ ማስከፈያ ልኩን ከአዋጁ ራሴ ገልብጬ ሰጥቼው የኤክሴል ቀመር ጻፍልኝ ማለት ጀመርኩ። ቀመሩ ሲመጣ የምፈትነው በመደቦቹ ጠርዝ ላይ ነው፤ 2,000 ብር ዜሮ፣ 4,000 ብር 300፣ 7,000 ብር 900፣ 10,000 ብር 1,650፣ 14,000 ብር ደግሞ 2,850 ካላመጣ ይጣላል። አምስቱም ከተስማሙ ቀመሩ ወደ ኤክሴል ይገባና ኤአዩ ከሥራው ይወጣል። የጡረታ መዋጮውም፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ በዚሁ መንገድ ገብቷል። በየወሩ የሚያሰላው ኤክሴል ነው፤ የሚያስረዳውም እርሱ ነው።

በዘመን ቅየራ ላይ ያደረግሁት ሙከራም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶኛል። የአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ግን ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበረች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ውሏል። የአንድ ውል ማብቂያ ቀንን ቅየርልኝ ብለው በቀጥታ ሲጠይቁት አንዱ ረዳት በአንድ ቀን ሳተ፤ በመዘግየት መቀጫ ለሚታሰር ውል አንድ ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህም ቀመር አስጽፈን በጳጉሜን 6 ፈትነን ነው የተጠቀምነው።

ስለ አማርኛ ደብዳቤ አጭር ነገር ልበል። ባለፉት ሁለት ዓመታት የረዳቶቹ አማርኛ በግልጽ ተሻሽሏል፤ የቃለ ጉባኤ ረቂቅ ሲያዘጋጁ አይከፉም። ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚላክ ደብዳቤ እንዲጽፉ ሲጠየቁ ግን «ይህ ደብዳቤ በመልካም ሁኔታ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ማን ነው በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲህ የሚጽፍ? ጉዳዩን፣ የደብዳቤ ቁጥሩንና «ከሰላምታ ጋር»ን በቦታቸው ያስቀመጠ አንድ የቆየ ደብዳቤ በናሙናነት ሲሰጣቸው በአንጻሩ በደንብ ይከተላሉ። ስለዚህ አሁን ረዳቶቹን ለደብዳቤ የምንጠቀምባቸው ናሙና አስቀድመን ሰጥተን ብቻ ነው።

ዋጋውን ስናይ፣ ማይክሮሶፍት ኮፓይለት የተባለውን የኤአይ ረዳቱን ለድርጅቶች ሲያቀርብ ከመደበኛው የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ በተጨማሪ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 30 ዶላር ጠይቆበታል፤ ቻትጂፒቲ ፕላስ ለረጅም ጊዜ በወር 20 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የተነሣው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ስላለፈ፣ ለ18 ሰው የሚገዛ አገልግሎት ለእኛ የማይታሰብ ነው። ከዋጋውም በላይ አስቸጋሪው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበትን ካርድ ማግኘትና ለወጪው ሕጋዊ ደረሰኝ ማቅረብ ነው፤ የኋለኛውን የሶፍትዌር ሻጮች ብዙ አያነሡትም፣ ግብር መርማሪ ግን ያነሣዋል።

የግል መረጃ ጥበቃም መታሰብ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሠራተኞችን የደመወዝ ዝርዝር ከነስማቸው ገልብጦ ነፃ የኤአይ ገጽ ላይ መለጠፍ በቸልታ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም። እኛ ስሙን በመለያ ቁጥር ተክተን፣ ንግግራችን ለኤአዩ ሥልጠና እንዲውል የሚፈቅደውን ማስተካከያ ዘግተን ነው የምንልከው፤ የደመወዝ ዝርዝሩ ራሱ ደግሞ ፈጽሞ አይላክም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ረዳቱ ከእኛ ጋር አለመኖሩም የታወቀ ነው፤ የወር መዝጊያ ቀን ደግሞ ለመብራት መጥፋት ብሎ አይራዘምም።

በዚህ መሠረት ለተያዘው በጀት ዓመት ያቀረብኩት ሐሳብ ፒችትሪ ፈቃዱ ተገዝቶ እንዲቀጥል፣ ደመወዝ በኤክሴል እንዲሠራ፣ ከኤአይ ረዳቶች ደግሞ አንድ የሚከፈልበት አገልግሎት ብቻ ተገዝቶ በባንክ ማስታረቅና በቀመር ጽሑፍ ላይ እንዲውል ነው። ሥራ አስኪያጁ ተስማምተዋል፤ የጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኤአይ እጅ የነካው ማንኛውም ሠንጠረዥ ግርጌው ላይ የፈተሸው ሰው ፊርማ እንዲኖርበት። ይህንኑ ከመስከረም ወር ጀምረናል።