ከወንበር ሥር ዉፈር ወይስ የኋላ ሳጥን? በድሬ ሙቀት የተፈተነ ንጽጽር

የመኪናው ቴፕ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ድምፁ አይከፋም፣ ባስ ግን የለውም። ከፍ ስታደርጉት የበሩ ላሜራ ይንጣጣል እንጂ ባሱ አይመጣም። በዚህ የተሰላቸ ሰው እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲገባ ሁለት ዓይነት ዉፈር፣ ማለትም ባስ ብቻ የሚጫወት ስፒከር፣ ይቀርብለታል። አንዱ አምፕሊፋየሩን በሆዱ የያዘ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ስስ ዉፈር ነው። ሌላው አምፕሊፋየሩ ለብቻ፣ ባለ10 ወይም ባለ12 ኢንች ዉፈሩ ለብቻ በሳጥን ሆኖ የኋላ ኮፈን ውስጥ የሚቀመጠው ነው። እኔ ቪትዝ ላይ የመጀመሪያውን ካስገጠምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የእህቴ ባል ደግሞ ኮሮላው ላይ ባለ12 ኢንች ሳጥን ጭኗል። የምነግራችሁ ካርቶን ላይ ያነበብኩትን አይደለም።

ሳልደባብቅ ልናገር፤ ድሬ ውስጥ ትንሽ መኪና ለሚነዳ ለብዙው ሰው የወንበር ሥሩ ይበቃል። ሳጥኑ የሚያዋጣው ደረቱ ላይ ካልመታው ሙዚቃ የሰማ ለማይመስለው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ ከተማችን ውስጥ ሞልተዋል፣ አልፈርድባቸውም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁለቱን መኪኖች ይዘን የሐረርን መንገድ ወጣን። ደንገጎ ላይ ነፋሻ ቦታ አገኘንና ቆመን መኪና ተቀያየርን። መጀመሪያ የከፈትነው ጊታሩ በደንብ የሚሰማበት የድሮ ዘፈን ነበር። በእኔ ቪትዝ ውስጥ የባስ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፤ የቴፑ ድምፅ ሞላ፣ ወፈረ። በኮሮላው ግን ጊታሩና ከበሮው አንድ ላይ ተድበልብለው ከኋላ ይመጣሉ። ቀጥለን የሰርግ ቤት ኦርጋን ከፈትን። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ኮሮላው የኋላ መስታወቱን አስጨፈረው፣ የእኔው ግን ትንፋሽ አጠረው። አማቼ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አቦ፣ ያንተ ባስ ነው ወይስ በር እያንኳኩ ነው?» አለኝ። ልክ ነው። ባለ8 ኢንች ስስ ዉፈር የሚገፋው አየር ትንሽ ነው። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ጥልቅ ድምፅ ከእሱ መጠበቅ ከባጃጅ የጭነት መኪና ጉልበት መጠበቅ ነው።

ግን የአማቼ ሳጥን ቀዳዳ ያለው ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በተቃኘበት ድምፅ አካባቢ ጎልቶ ይጮኻል፣ ስፋትም ይፈልጋል። ዝግ ሳጥን ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ቁጥብና ጥርት ያለ ነው። ባለ10 ኢንች ዉፈር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 28 ሊትር የሚሆን ዝግ ሳጥን ይበቃዋል። ሳጥን ካላችሁ አይቀር ምርጫዬ እሱ ነው። ከኮምፔንሳቶ ወይም ከኤምዲኤፍ ተሠርቶ መጋጠሚያው በደንብ የታሸገ ይሁን። በእጃችሁ ስትመቱት እንደ ባዶ ጄሪካን ከጮኸ ተዉት።

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ዋት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3000 ዋት የተጻፈበት አምፕሊፋየር አይታችሁ ይሆናል። አትመኑት። ገልብጡትና የኃይል ገመዱ መግቢያ አጠገብ የተሰካውን ፊውዝ እዩ። አንድ ባለ30 አምፔር ፊውዝ ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። 30 ሲባዛ በ13.8 ቮልት 414 ዋት ይመጣል። ይህ እንግዲህ የሚበላው ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሚበላው 80 በመቶ ያህሉን ለዉፈሩ ይሰጣል፤ 330 ዋት ገደማ። ክላስ ኤቢ ከሆነ ወደ 60 በመቶ ነው፤ 250 ዋት አካባቢ። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሻጩ 3000 ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን የእውነት ዋት፣ ጠይቁት። ደግሞ ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ150 እና በ300 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ጆሮ ላይ እንደ ዋጋው አይሰፋም። ለማነጻጸር ያህል፣ የፋብሪካ ቴፕ በአንድ ስፒከር የሚሰጠው እውነተኛ ኃይል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። የወንበር ሥሩ 100 ወይም 150 ሲጨምርላችሁ ትልቅ ለውጥ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ድሬ የራሷ ሕግ አላት። በግንቦትና በሰኔ ውጭው ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያ ላይ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይጨመራል። የአማቼ አምፕሊፋየር መጀመሪያ የተገጠመው ሳጥኑ ጀርባ ላይ፣ በሞኬት ተሸፍኖ ነበር። ቀኑን ከዚራ ሰፈር ፀሐይ ላይ የዋለውን መኪና አስነስቶ ሙዚቃ ሲከፍት ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ቀይ መብራት ይበራና ዝም ይላል። ተቃጠለ ብሎ ደንግጦ ነበር። አልተቃጠለም፤ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው። ከሳጥኑ አንስተን የኋላ ወንበር ጀርባ ላይ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አሰርነው። አሁንም ሲብስበት ይጠፋል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። የወንበር ሥሩ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የኤሲው ቀዝቃዛ አየር እግር ሥር ይደርሰዋል። ጠላቱ ውሃና አቧራ ነው። ክረምት ላይ እግራችሁን ሳታራግፉ ብትገቡ ጭቃው የሚንጠባጠበው እሱ ላይ ነው።

ሁለቱም ከፋብሪካው ቴፕ ድምፅ መውሰድ አለባቸው። የፋብሪካ ቴፕ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የአርሲኤ መውጫ፣ ማለትም ለአምፕሊፋየር ድምፅ የሚሰጥ መሰኪያ፣ የለውም። ስለዚህ ከኋላ ስፒከሮች ገመድ ይቀጠላል። «ሃይ ሌቭል» የሚል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ከገዛችሁ በቀጥታ ይቀበላል። አብዛኛው የወንበር ሥር ዉፈር አለው፤ ብዙዎቹም ሙዚቃ ሲሰሙ ራሳቸው ይበራሉ። ከሌለው መሃል ላይ ኮንቨርተር የምትባል ትንሽ ሳጥን ትገባለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለገጣሚው ንገሩት፤ የቴፑ የስፒከር ኔጌቲቭ ማሳ (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው) አይደለም። ሁለቱም ገመዶች ድምፅ ተሸካሚ ናቸው። አንዱን ከቦዲ ጋር ያገናኘ ሰው ቴፑን ሊያቃጥለው ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ድምፅ ሲጨመር ባሱን ራሳቸው ይቀንሳሉ፣ ትንንሽ ስፒከሮቻቸውን ለማዳን። በእነሱ ላይ ማንኛውም ዉፈር ገና ጨዋታው ሊደምቅ ሲል ይደክማል። ከመግዛታችሁ በፊት ቴፑን ቀስ እያላችሁ እየጨመራችሁ አዳምጡ።

ስለ ገመድ የምለው ከራሴ ጉዳት ነው። መጀመሪያ የገጠመልኝ ልጅ የኃይል ገመዱን ከባትሪው በቀጥታ፣ ያለ ፊውዝ አስገባው። ከሞተር ክፍሉ የሚያልፍበት የላሜራ ቀዳዳ ላይም ጎማ አላደረገም። በሦስተኛው ወር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የሞተሩን ኮፈን ስከፍት ላሜራው ገመዱን በልቶት መዳቡ ፈጦ ነበር። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ መሆን አለበት። የማሳው ገመድ አጭር ይሁን፤ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው ይታይ። ገመዱን ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ እንደ ብር ከነጣ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፤ አይረባም ባይባልም ወፈር ያለውን መምረጥ ግድ ይላል። ለወንበር ሥሩ ቀጭን ገመድ ይበቃል። ለ400 እና 500 ዋት ግን ወፈር ያለ ንጹሕ መዳብ ያስፈልጋል። የኃይሉና የድምፁ ገመድ በአንድ በኩል አብረው እንዳይሄዱ። አለዚያ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የዲናሞው ፉጨት በዘፈኑ መሃል ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ቆማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ባትሪውን አስቡት። ትልቁ ሳጥን በአማካይ 10 አምፔር ቢስብ በሁለት ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 45 ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መግፋት ነው። በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የሚቀጠለው ከትንሹ ባለ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ የከፍተኛ ቮልቴጅ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ።

ቴፑን አውጥቶ አንድሮይድ ስክሪን መግጠምም አለ። የአርሲኤ መውጫው ስላለው ሥራው ይቀልላል። ቴፑ በጃፓን ገበያ የተሠራ ሆኖ ሬዲዮው ከ76 እስከ 90 ብቻ የሚይዝባችሁ ከሆነ ምክንያታችሁ ሁለት ሆነ። ሬዲዮው ደህና ከሆነ ግን ለባስ ብቻ ብዬ አልቀይረውም።

ከገጠማችሁ በኋላ ቆራጩን፣ ዉፈሩ ከየት በታች ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲጫወት የሚወስነውን ቁልፍ፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ጌይን የሚለውን ቁልፍ ደግሞ እንደ ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻ አታዙሩት። እሱ አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። የዉፈሩ ድምፅ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱት።

አማቼ ባለፈው ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሊጭን ሲል ሳጥኑን አውርዶ እኔ ቤት ትቶት ሄደ። ሳምንት አለፈው። የኮሮላው ኮፈን እንዲህ ሰፊ መሆኑን ረስቼው ነበር ይላል። የወንበር ሥሩም ቢሆን መለካት ይፈልጋል። ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ስለሆነ ወንበሩን እስከ መጨረሻ ዝቅ አድርጋችሁ ነው መለካት። እኔ ሳልለካ ገዝቼ ሾፌሩ ሥር አልገባልኝም። ተሳፋሪው ሥር ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላም ባለቤቴ መኪና ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ይሄን ወንበር ዝም አሰኘው» ነው።