ካኖንና ሶኒ በአንድ ፎቶ ቤት፦ የ18 ወር የሌንስ ሂሳብ

ባለፈው ጥር ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ሰርግ እያነሳሁ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ላይ ቆሜ ነጩን ረጅም ሌንስ ወደ ሙሽራዋ ሳዞር፣ አጠገቤ የተቀመጡት አያቷ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ይህን መድፍ ወደዚያ አዙርልኝ። ልጅቱን አስደነገጥካት» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ሌንሱን ዝቅ አደረግሁ። ወዲያ ማዶ ባልደረባዬ እዚያችው ሙሽራ ላይ በትንሽ ጥቁር ሌንስ ያነጣጥራል። እሱን ማንም አልተናገረውም።

የሱ ታምሮን የተባለው ሌንስ ሠሪ 70-180 ነው፤ ክብደቱ 810 ግራም። (ቁጥሩ ሌንሱ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ በሚሊ ሜትር ይነግራል፤ ሲበዛ ያቀርባል፣ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል።) የኔ የድሮው ካኖን ኢኤፍ 70-200 ማርክ 2 ነው፤ ከአዲሱ ካሜራ ጋር ከሚያገናኘው ቀለበት፣ ከነአዳፕተሩ፣ 1600 ግራም። ሁለቱም አፐርቸራቸው፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው፣ 2.8 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ከጧት እስከ ማታ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ልዩነቱን ወገብ ያውቀዋል።

ሁለታችንም አንድ ፎቶ ቤት ነው የምንሠራው። እኔ ካኖን አር 6 አለኝ፣ እሱ ሶኒ ኤ 7 ማርክ 3። 18 ወር ሙሉ በየሰርጉ፣ በየምርቃቱ፣ በየጥምቀቱ ጎን ለጎን ቆመናል፤ ካሜራም ተዋውሰናል። ቦዲዎቹ ላይ፣ ካሜራዎቹ ራሳቸው ላይ ማለት ነው፣ አልቆይም። ሁለቱም ከኛ ችሎታ በላይ ናቸው። ደንበኛም ሆነ ጀማሪ ፎቶ አንሺ መጥቶ «የቱን ካሜራ ልግዛ?» ሲለኝ ግን «ሌንሱን ከየት ታመጣለህ?» ብዬ ነው መልሼ የምጠይቀው። ቦዲ ይለወጣል። ሌንስ አብሮን ይከርማል።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። ዋጋውንም ሌንሱ አሜሪካ ሲወጣ በነበረው ዶላር ነው የማስቀምጠው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ (ይቺ ብቻ የኛ ናት) በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት የብር ዋጋ ነገ መሳቂያ ያደርገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማውንቱ ነው፤ ሌንሱ ቦዲው ላይ ከሚገጥምበት ቀለበት ማለት ነው። የካኖን አርኤፍ ማውንት በ2018 ወጣ። የቀለበቱ ስፋት 54 ሚሊ ሜትር፣ ከሴንሰሩ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ከሚያደርገው ሰሌዳ፣ ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ነው። የ1987ቱ የድሮው ማውንት፣ ኢኤፍም፣ ስፋቱ ያው 54 ነበር፤ ርቀቱ ግን 44። ከ44 ላይ 20 ሲቀነስ 24 ሚሊ ሜትር ይቀራል። አዳፕተር የሚባለው እንግዲህ ያንን ክፍተት የሚሞላ ባዶ ቀለበት ነው። ውስጡ መስታወት የለም፤ ጣት ያሳልፋል። ስለዚህ የአሮጌውን ሌንስ ጥራት አይቀንስም። እንዲያውም የኔ የድሮ ሌንሶች አር 6 ላይ ዓይን ተከትለው ፎከስ ያደርጋሉ፤ በድሮው ካሜራዬ ይህን አያውቁም ነበር።

ሶኒ ሌላ መንገድ ሄደ። ኢ ማውንት በ2010 ወጣ፤ ስፋቱ 46 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከካኖን ይጠባል። በ2011 ግን ሶኒ የማውንቱን መሠረታዊ መረጃ ለሌንስ ሠሪዎች በነፃ ከፈተ። ታምሮን፣ ሲግማ፣ ሌላውም ገባ። ካኖን በሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። የቻይናው ሌንስ ሠሪ ቪልትሮክስ በ2022 የአርኤፍ ሌንሶቹን ከገበያ አነሳ። በ2024 ለሲግማና ለታምሮን ፈቃድ ሲሰጥም ለትንሹ ሴንሰር ለሚሆኑ ሌንሶች ነበር፤ የኔው ትልቅ ሴንሰር አልተካተተበትም። ይህ ሁሉ ጃፓን የሚያልቅ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ዞሮ ዞሮ ግን ማርቆስ ላይ የኛን ኪስ ያገኘዋል።

እንዴት? በሰርግ ሥራ እንጀራ የሚያበላው ሌንስ አንድ ነው። ከ24 ወይም ከ28 ጀምሮ 70 አካባቢ የሚደርስ፣ አፐርቸሩ 2.8 የሆነ ዙም። ካኖን ይህን በ2299 ዶላር አወጣው፤ 900 ግራም ይመዝናል። የሶኒ የራሱም 2199 ነበር። እዚህ ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱንም አንገዛም። ነገር ግን በ2018 ታምሮን 28-75ን ለሶኒ በ799 አመጣ፣ 550 ግራም። በዓመቱ ሲግማ 24-70ን በ1099 ጨመረ። ለካኖን ሰው ከታች 199 ዶላር የሆነች ትንሽ 50 አለች፣ ከላይ ደግሞ ባለ ቀይ ቀለበቶቹ ውድ ሌንሶች አሉ። መሃሉ ባዶ ነበር። ደረጃው መሃል ላይ ሦስት አራት እርከን እንደጎደለው ቤት ነው። ከታች ያለ ሰው ዘሎ አይደርስም።

እኔ ያንን ክፍተት በአርኤፍ 24-105 ነበር የሸፈንኩት። አፐርቸሩ 4 ነው። ቀን ቀን እንከን አይወጣለትም። ማታ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ቢጫ አምፖል ብቻ ሲበራ፣ ጣጣው ይመጣል። ከ4 ወደ 2.8 አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ግን ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። እስክስታ ሲወረድ ሁለታችንም በሴኮንድ 200ኛ እናነሳለን። ባልደረባዬ አይኤስኦ (ካሜራው ትንሹን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 6400 ላይ ሲያነሳ እኔ 12800 ላይ ነኝ። አር 6 ይችለዋል፣ እውነት ነው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ሲታተም ግን የሙሽራዋ ፊት ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። «ሌንሱ ማረጋጊያ አለው አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለው። ማረጋጊያው ግን የኔን እጅ ነው እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አያቆምም።

ዘጌ ላይ ይህ ሂሳብ ተገለበጠ። ለአንድ የጉዞ ሥራ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን የግድግዳ ሥዕሎቹን አነሳን። መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑት ሥዕሎች ናቸው፤ ብርሃኑ በበር በኩል የሚገባው ብቻ ነው። ፍላሽ አናበራም፤ ለሥዕሉም ለቦታውም ነውር ነው። ሥዕል ደግሞ አይጨፍርም። በአርኤፍ 35፣ አፐርቸሩ 1.8 በሆነው፣ ያለ ምርኩዝ ሩብ ሴኮንድ ድረስ ይዤ አነሳሁ። 305 ግራም ነው፣ ቀርቦም ያነሳል፤ የመላእክቱን ዓይን በቅርብ ወሰድኩ። ባልደረባዬ ታምሮኑ ማረጋጊያ ስለሌለው፣ የኤ 7 ማርክ 3 የውስጥ ማረጋጊያም የአር 6ን ያህል ስለማይሄድ፣ አይኤስኦውን ከፍ እያደረገ ቆየ። ያን ቀን ቦርሳዬን ደስ ብሎኝ ተሸከምኩ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ። በ50 ካኖን ያሸንፋል። የአርኤፏ 50 160 ግራም ናት፣ ፎከሷም ቀልጠፍ ያለ ነው። የሶኒ 50፣ አፐርቸሩ ያው 1.8 የሆነው፣ ፎከስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ማለት ያበዛል። በ85 ደግሞ ሶኒ ጥሎ ይሄዳል። 371 ግራም፣ 1.8፣ ፈጣን፣ ጥርት ያለ። የካኖን አርኤፍ 85 አፐርቸሩ 2 ነው፤ ቀለበትና ሂና በቅርብ ለማንሳት ግሩም ነው፣ ግን ሙሽራ ወደ አንተ እየተራመደች ስትመጣ ይዘገያል። ለሙሽራ ፎቶ 50 ወይስ 85 ብትሉኝ 85 እላለሁ። ስለዚህ ይህቺ ነጥብ የሶኒ ናት።

እኔ 85ን ከድሮው ኢኤፍ ለመውሰድ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። የ1992ቱን 85 ያገለገለ፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ከፈት ዘጋ አድርጌ፣ ሁለት ፎቶ አንስቼ፣ ደስ ብሎኝ ዓባይን ተሻግሬ መጣሁ። ማታ ቤት በስልክ ባትሪ ከኋላ ሳበራበት መስታወቱ ውስጥ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየኝ። ሻጋታ። ደወልኩ። ሻጩ «እርጥበት ነው ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይጠፋል» አለኝ። አልጠፋም። ለማስጠረግ እንደገና 300 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ሌንስ ሳይ መጀመሪያ የማወጣው የስልክ ባትሪ ነው። በተለይ ባሕር ዳር የከረመ ሌንስ ከሆነ፤ የጣና ዳር ክረምት ለሌንስ ቸር አይደለም። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምሰበስባቸውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እደረድራለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ያ 85 ከተጠረገ በኋላ ጥሩ ይሠራል። አንድ አመሉ ግን አልለቀቀውም። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ፀሐይ ላይ ሳነሳ በጠርዙ ሐምራዊ መስመር ያወጣል። የሀበሻ ልብስ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ 2.8 ጠበብ ሳደርገው አብዛኛው ይጠፋል።

ለካኖን የምሰጠው ትልቁ ነጥብ ካታሎግ ላይ የለም። በኛ አካባቢ የቆዩ ፎቶ አንሺዎች እጅ ያለው ኢኤፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ሌንስ ቢሰበርብኝ እሑድ ጧት ሦስት ቤት አንኳኩቼ የሚሠራ ነገር ይዤ እመጣለሁ። «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ» ማለት ነው። ባልደረባዬ ታምሮኑ ቢሰበርበት የሚሄድበት ቤት የለውም፤ የሚያገኘው የኔን ሁለተኛ ካሜራ ነው። አንዴ ደርሶበታል።

ጥር 23 እንጅባራ ሄደን ነበር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ። አቧራ፣ ፈረስ፣ ጋሜና ዘርፍ፣ ጋሻ። ሌንስ መቀየር የማይታሰብ ነው፤ ሁለታችንም አንድ አንድ ገጥመን ነው የገባነው። መድፌ ያን ቀን ክብሩን አስመለሰ። ነገር ግን ፈረሱ በቀጥታ ወደ እኛ ሲጋልብ ታምሮኑም ብዙ አልራቀኝም። ከመቶ ፎቶ የኔ አምስት ስድስት ቢበልጥ ነው። ለዚያ አምስትና ስድስት ፎቶ እጥፍ ክብደት መሸከም አለብኝ ወይ? ማታ ትከሻዬን እየታሸሁ የጠየቅሁት ይህን ነው።

ወፍ ለሚያነሳ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ጣና ላይ ለፔሊካን አንድ ወዳጄ የሶኒ 200-600 አውሷቸው የመጡ ልጆች አግኝቼ ጎን ለጎን አነሳን። እኔ የካኖን 600 ይዣለሁ፤ አፐርቸሩ 11 ነው፣ አይከፈትም አይዘጋም። 930 ግራም ብቻ ስለሆነ ጀልባ ላይ ተአምር ነው። የሶኒው ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ግን 600 ላይ 6.3 ስለሚሆን ከኔ ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ጧት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሐይቁ ገና ወርቅ ሲቀባ፣ እነሱ ሲያነሱ እኔ ሻይ ጠጣሁ። ሦስት ሰዓት ላይ እኩል ሆንን። ያኔ ግን ወርቁ የለም።

ኒኮንን ለምን ተውከው የሚለኝ ይኖራል። በአካባቢዬ ዜድ፣ የኒኮንን አዲሱን ካሜራ፣ የያዘ ሰው አላገኘሁም፤ በወሬ አልፈርድም። ማውንቱ 55 ሚሊ ሜትር ስፋትና 16 ሚሊ ሜትር ርቀት ስላለው፣ የሶኒን ሌንስ እንኳ በቀጭን አዳፕተር መቀበል መቻሉ ግን ያስቀናኛል።

ከአምስት ወር በፊት ወሰንኩ። 24-105ን ሸጥኩ። ወደ ሶኒ አልሄድኩም፤ ኢኤፎቹንና ጎረቤቶቼን ትቼ የት እሄዳለሁ? ካኖን በ2024 ያወጣውን አርኤፍ 28-70፣ አፐርቸሩ 2.8 የሆነውን ገዛሁ። ሲወጣ 1099 ዶላር ነበር፣ 495 ግራም። ጎደለ ካልኩት እርከን አንዱ ይኸው ተሠራ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ድንኳን ውስጥ አይኤስኦዬ ወርዷል። ወገቤም አመስግኗል።

ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለማንሳት መጀመሪያ ቀለበቱን አዙሮ ማውጣት ያስፈልጋል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ይህን ረስቼ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ሳነብ ቆየሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባልደረባዬ ባያነሳው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሁለተኛው 28 ነው። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ የወላጆቹን ጉልበት ሲስም፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ተጨናንቆ፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶ፣ 24 ቢኖረኝ እላለሁ። 24 ላይ 84 ዲግሪ ይታያል፣ 28 ላይ 75። ያቺ 9 ዲግሪ አጎቱን ከፎቶው ታስወጣለች። አጎት ደግሞ ከፎቶ ከወጣ አይረሳም። ስለዚህ ለቤት ውስጥ 16ቷን፣ 165 ግራም የሆነችውን ትንሿን፣ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም አገኘሁ። የባልደረባዬ ሌንሶች ሁሉ፣ ሁለቱ ታምሮኖችም 85ቱም፣ ፊልተራቸው፣ ከሌንሱ ፊት የሚጠመዘዘው መስታወት፣ 67 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ 77፣ 58፣ 52፣ 43 እያልኩ የፊልተር ሱቅ ይመስል ቦርሳዬን ሞልቼ ነበር። አዲሱ 28-70 የሚወስደው 67 ነው። ከሱ ቦርሳ አንዱን ወስጃለሁ። እስካሁን አልጠየቀኝም።