ቢጫዋ መብራት፦ ከአሮጌ ሞተር ሳይክሌ ጋር 14 ወራት

ይህችን ሞተር ሳይክል ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን የተሠራች፣ ባለ 600 ሲሲ ናት። ሞተሯ ጠዋት ሳያስቸግር ይነሣል፤ ፍሬኗ ይይዛል፤ ለሥራ ከሐዋሳ ይርጋ ጨፌ ስመላለስ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። በዚህ በኩል ሌላ የምለው የለኝም። ልጽፍ የተነሣሁት ከአተር ፍሬ ስለማትበልጥ አንዲት ቢጫ መብራት ነው። ቤንዚን ሊያልቅ ሲል ልትነግረኝ የተሠራች፣ ስምንት ወር ሙሉ ግን አንድም እውነት ያልነገረችኝ መብራት።

አብዛኞቹ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን መያዣው፣ ሥር በእጅ የሚዞር የቤንዚን መክፈቻ አላቸው። ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ እጅህን ዝቅ አድርገህ ወደ ሪዘርቭ ታዞራለህ፤ የቀረችው ሁለት ሦስት ሊትር ማደያ ታደርስሃለች። የእኔዋ ግን ቤንዚን የምትስበው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ ሪዘርቭ የላትም። መጠኑን የሚያሳይ ቀስትም የላትም። ያላት ያቺ መብራት ብቻ ናት። እርሷ ዝም ካለች የሚነግርህ ማንም የለም።

በሦስተኛው ወር፣ ከይርጋ ጨፌ ስመለስ፣ ወናጎ ሳልደርስ መንገድ ላይ ቀረሁ። አመሻሽ ነበር፤ ዝናብም ማካፋት ጀምሯል። መጀመሪያ ፊውዝ አየሁ፤ ቀጥዬ ካንዴላ ፈታሁ። መብራቷ ስላልበራች ቤንዚን ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቼ ሞተሯን ስነቀንቃት የሚንቦጫቦጭ ነገር አልነበረም። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ አጠገቤ ቆሞ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለኝና ከራሱ ላይ በጎማ ቱቦ ሁለት ሊትር ያህል ስቦ ሰጠኝ። ከማደያ ዋጋ በላይ አንዲት ብር አልተቀበለኝም። ውለታውን አልረሳም።

በማግስቱ ለሸጠልኝ ሰው ደወልኩ። «አሮጌ ሞተር የሚነዳ ሰው ኪሎ ሜትር እየቆጠረ ነው የሚቀዳው» አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ለወራት በልቤ ስከራከረው ኖሬአለሁ። ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚያዋጣው ሁልጊዜ ሙሉ ለሚቀዳ ሰው ነው። እስቲ ንገረኝ ጌታዬ፣ አንተ ሙሉ የቀዳኸው መቼ ነው? ሁለት ሰዓት ተሰልፈህ ተራህ ሲደርስ «አልቋል» የተባልክበትን ቀን ረሳኸው? ለአንድ ሞተር ሳይክል ይህን ያህል ሊትር ብቻ ተብሎ፣ እርሱንም የስልክ ክፍያው እስኪሳካ ቆመህ የጠበቅክበትንስ? ታዲያ ከየትኛው ሊትር ተነሥቼ ልቁጠር? ማደያዎች በጠርሙስና በጀሪካን አንቀዳም በሚሉበት ጊዜ መንገድ ላይ መቅረት ማለት ያን ሁሉ ብረት እየገፉ ማደያ ድረስ መሄድ ማለት ነው።

መቀመጫውን አንሥቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስከተል ከሰልባትዮው የሚመጣው ሽቦ ተቆርጦ፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አርጅቶ የተበጠሰ አልነበረም፤ በፒንሳ የተቆረጠ ነው። ስቀጥለው መብራቷ በራች። ነገር ግን ሰልባትዮው በዚያች ቀን ሞልቶ ነበር። ደብዘዝ ብላ በርታ ቀረች፤ ቢቀዳም ባይቀዳም ያው ናት። ሽቦው ለምን እንደተቆረጠ ያኔ ገባኝ። ሁልጊዜ የምትበራ መብራት ገዢን ታስደነግጣለች፤ የማትበራዋን ግን ማንም አያያትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ወራት የመካኒክ ደጅ የጠናሁባቸው ናቸው። ሦስት መካኒኮች አዩአት፤ ሦስቱም «ሴንሰሩ ሞቷል» አሉኝ፤ ቤንዚን መጉደሉን ለመብራቷ የሚነግራትን ዕቃ ማለታቸው ነው። ለብቻው ስለማይሸጥ ፓምፑን ከነመያዣው ከውጭ ማስመጣት አለብህ ተባልኩ፤ የተጠየቅኩት ገንዘብ ሞተሯን ከገዛሁበት ዋጋ አንድ አምስተኛ ይሆናል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። አንድ ነጋዴ ሽጣትና አዲስ ግዛ አለኝ። አዲሶቹን አይቻቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት የመቀመጫቸው ብረት የሚሰነጠቅ ዕቃ ሊያስገዛኝ የሚሞክርን ሰው ምክር አልሰማሁም፤ ባለመስማቴም ደስ ይለኛል።

ነገሩን የፈቱት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ቤንዚኑን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ ሴንሰሩን አውጥቼ ወሰድኩላቸው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት፣ የጣት ጫፍ የምታህል የብረት ቆብ ናት። አብሮኝ የመጣው መካኒክ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሊሞክራት ሲል እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ታቃጥላታለህ። ይህ ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም፤ ሙቀት የሚያውቅ ዕቃ ነው» አሉት። ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደምትገታ በመለኪያቸው ሲያዩ 1,100 ኦም ያህል አሳየች። ከዚያ ትኩስ ሻይ ካለበት ብርጭቆ ጋር አስጠጓት፤ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ከ500 በታች ወረደ። «ጤነኛ ናት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አምፖሉን አምጣልኝ» አሉኝ።

አሠራሩን የገለጹልኝ እንዲህ ነው። ቆቧ ውስጥ ያለችው ፍሬ ቴርሚስተር ትባላለች፤ ስትሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይቀላታል። ቤንዚን ውስጥ ጠልቃ ሳለች ቤንዚኑ ያቀዘቅዛታል፤ የምታሳልፈው ጥቂት ስለሆነ አምፖሉ አይበራም። ቤንዚኑ ጎድሎ አየር ላይ ስትቀር በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ራሱ ያሞቃታል፤ ስትሞቅ ይበልጥ ታሳልፋለች፤ ስታሳልፍ ይበልጥ ትሞቃለች፤ በመጨረሻ አምፖሉ ይበራል። አምፖሉ መብራት ብቻ አይደለም፤ ከልክ በላይ እንዳትሞቅ የሚገታትም እርሱ ነው። ስለዚህ ያለ አምፖል በቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያገናኛት ሰው ዕቃውን ይገድለዋል።

ዳሽቦርዱን ስፈታ ያገኘሁት አምፖል ኤልኢዲ የሚሉት ክር የሌለው ዓይነት ነበር። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው፣ ለማሳመር ይሁን ለባትሪ ቁጠባ፣ የቀድሞውን ባለ ክር አምፖል አውጥቶ እርሱን ከቶበታል። ኤልኢዲ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቴርሚስተሯ ቤንዚን ውስጥ ሆና የምታሳልፋት ያቺ ጥቂቷ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖም ይበራል። የተበላሸ ዕቃ አልነበረም ማለት ነው! ሦስት መካኒኮች ፓምፕ ሊያስመጡልኝ ሲነሡ አንዳቸውም አምፖሉን ፈትተው አላዩም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የገዛሁት 12 ቮልት፣ 3.4 ዋት የሚል ባለ ክር አምፖል ነው፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ኤልኢዲውን የግድ የሚፈልግ ሰው 47 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ) ጎን ለጎን ቢያስርለት ይሠራል፤ ሬዚስተሩ ግን ስለሚሞቅ ፕላስቲክ አጠገብ መሆን የለበትም። እኔ ይህን ድካም አልመርጥም።

ከዚያ ሜዳ ላይ ወጥቼ ለካሁ። ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ አንድ አንድ ሊትር እየጨመርኩ፣ በጨመርኩ ቁጥር ክዳኑን ዘግቼ የባትሪውን ገመድ እያገናኘሁ ሞከርኩ። ሦስት ሊትር ላይ ሳለች መብራቷ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይታ በራች፤ በአራተኛው ሊትር ጠፋች። ፓምፑ የማይደርስበት ግማሽ ሊትር ያህል ሲቀነስ፣ በእኔ አነዳድ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ፣ ከበራች በኋላ 50 ኪሎ ሜትር በእርግጠኝነት አለኝ። ቁልቁለት ላይ ብልጭ ብላ ብትጠፋ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል ነው፤ ሜዳ ላይ በርታ ስትቀር ግን ማደያ እፈልጋለሁ።

እነሆ ስድስት ወር ሆነ፤ አንድ ጊዜም አላሳሳተችኝም። ባለፈው ሳምንት ከዲላ ስመለስ የይርጋለም መገንጠያ ጋ ስደርስ በራች፤ ወደ ከተማው ታጥፌ አምስት ሊትር ቀዳሁና ጠፋች። ዛሬ ይህችን ሞተር ሳይክል መልሰህ ትገዛታለህ ወይ ብባል፣ በዚያው ዋጋ፣ ሽቦዋ እንደተቆረጠ ቢሆንም እንኳ እገዛታለሁ። ሁለት መለዋወጫ አምፖሎች በወረቀት ጠቅልዬ መቀመጫዋ ሥር አኑሬአለሁ። ከእኔ በኋላ የሚይዛት ሰው እንዳይቸገር በወረቀቱ ላይ «3.4 ዋት፣ ባለ ክር ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ።