ኤፍኤም ብቻ ወይስ አጭር ሞገድም ያለው? ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት

ካርቶኑ ላይ «12 ባንድ» (12 የሞገድ ክልል ማለት ነው) የሚል ሲያይ የብዙ ሰው ልብ ይሸፍታል። የእኔም ሸፍቶ ያውቃል። ከ12ቱ የምሰማው ግን 2ቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ባንድ ከመቁጠራችሁ በፊት ልትሰሙት የምትፈልጉት ጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡ።

ጣቢያው ቅርብ ከሆነ ኤፍኤም ብቻ ያላት ትንሿ ሬዲዮ ትበቃለች። ኤፍኤም በአብዛኛው አገር ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ሳይሆን በድግግሞሹ ላይ ነው። መብረቅም ሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ በዋናነት የሚበጠብጠው ጉልበቱን ስለሆነ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል። ጉድለቱ ርቀት ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ከጋረደው ይደክማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

አጭር ሞገድ ሌላ ዓለም ነው። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ይታጠፍና ሺህ ኪሎሜትሮችን አቋርጦ ይወርዳል። አዮኖስፌር ግን ከፀሐይ ጋር ይለዋወጣል። ድምፁ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ቀን ጥሩ አድርጋችሁ የያዛችሁት ጣቢያ ማታ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። በግርድፉ ቀን 19 ወይም 25 ሜትር በሚባሉት ባንዶች ላይ (ቁጥሩ የሞገዱ ርዝመት ነው)፣ ማታ 49 ሜትር ላይ ፈልጉ። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክርም።

መካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም ተራው ኤኤም፣ ቀን መጠነኛ ርቀት ይሄዳል፤ ሲመሽ ግን በጣም ይርቃል። ጠላቱ ቤታችን ውስጥ ነው። ርካሽ ቻርጀር አጠገቡ ከተሰካ ይንጫጫል። ደግሞ እንደ ኤፍኤም አንቴናውን እየመዘዛችሁ አትልፉ፤ የኤኤም አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያለች ጥቁር የፌራይት ዘንግ ናት። ሬዲዮውን ራሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማላችሁ።

መቃኛውስ? አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያዎች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ፣ በመርፌ ስትፈልጉ ጣታችሁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጎረቤቱ ላይ ናችሁ። እዚያ ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታል ይሻላል። ለኤፍኤም ብቻ ከሆነ ግን እኔ ባለመርፌውን ነው የማነሳው፤ ድንጋይ ቶሎ አይጨርስም።