አይቴንሰር፦ መቶ ስፒን በ8 ጊጋ ራም

መቶ ስፒን-1 (እያንዳንዱ ሦስት ሁኔታ ያለው ጥቃቅን የኳንተም ማግኔት) በአንድ ሰንሰለት ደርድሩ። የኳንተም ሁኔታቸውን እንዳለ ልጻፍ ብትሉ የሚያስፈልጋችሁ የቁጥር ብዛት ራሱ 48 አሃዝ አለው። የኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ብሮውዘር ሲከፈትበትም ያቃስታል። አይቴንሰር የሚባለው የኳንተም ስሌት ሶፍትዌር ግን እሱ ላይ ይሠራልኛል፣ ያውም በነፃ።

ሚስጥሩ ስቲቨን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረበው ዲኤምአርጂ የሚባል ዘዴ ነው። ሰንሰለቱን የትም ብትቆርጡት፣ ዝቅተኛ ኢነርጂው ላይ እስካለ ድረስ ግራና ቀኙን የሚያስተሳስረው ኢንታንግልመንት (የኳንተም ትስስር) ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ዋናውን ይዞ ቅንጥብጣቢውን መጣል ይቻላል ማለት ነው። ስንቱ ይያዝ የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ ማክስዲም የሚያዘው ብዛት (ስፋቱ) የማያልፈውን ጣሪያ፣ ከትኦፍ ደግሞ የሚጣለውን መጠን ይወስናል። ማክስዲም 200 ላይ ቢቆም ያ 48 አሃዝ ወደ 12 ሚሊዮን ቁጥር ይወርዳል። መቶ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም! የሃይዘንበርግን ሰንሰለት (ጎረቤት ስፒኖች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ሞዴል) በአምስት ስዊፕ (ከጫፍ ጫፍ ደርሶ መልስ) ብታስኬዱ ኢነርጂው -138.94 ላይ ይረጋል።

እኔን የገዛኝ ግን በየስዊፑ የሚያትማት አንዲት መስመር ናት። ኢነርጂው፣ የደረሰበት ስፋት፣ የተጣለው መጠን፣ የፈጀው ጊዜ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ስፋቱ ጣሪያውን ነክቶ የተጣለው ከከትኦፋችሁ ከበለጠ ውጤቱን አትመኑት፤ ማክስዲምን ከፍ አድርጉና ድገሙ። ሌላው ደስ የሚለው ነገር የቴንሰሮቹ (ባለ ብዙ አቅጣጫ የቁጥር ሠንጠረዦቹ) ኢንዴክሶች እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነው። ሁለት ቴንሰር ስታባዙ የጋራ ኢንዴክሳቸውን ራሱ ፈልጎ በእሱ ላይ ይደምራል። የኢንዴክስ ቅደም ተከተል ሲያምታታው የኖረ ሰው ይህን ያደንቃል።

እንከንስ? የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ጁሊያ መጀመሪያ ሲነሳ ኮምፓይል እያደረገ ያስጠብቃል። የሲ ፕላስ ፕላስ ቅጂም አለ፣ አዲስ ነገር የሚመጣው ግን በጁሊያው በኩል ነው። ፓይተን ወይም ሞት የምትሉ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ቴንፓይን ሞክሩ።

ሰንሰለቱን ድንገት ነቅንቃችሁ በጊዜ ልከተለው ካላችሁ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኢንታንግልመንቱ ከጊዜው ጋር ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ የሚፈለገው ማክስዲም ደግሞ በብዜት ይተኮሳል። ሰፋ ያለ ባለ ሁለት አቅጣጫ ላቲስም (የስፒን መረብ) ያው ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ አይወቀስም፣ ፊዚክሱ ነው እምቢ ያለው።

ለአንድ አቅጣጫ ሥራ ሳላመነታ አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ፓኬጁን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።