ክንዷ ላይ ረስታዋለች ብዬ የጮህኩባት ሐኪም

ሰላም የድሬ ሰዎች። ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ ግን ምስጋናው ከጥፋቴ ስለሚጀምር ታገሱኝ።

ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ታመመች። መጀመሪያ ከዓይኗ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ ከዚያ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት። አሸዋ ገበያ ያለውን ሱቄን ለልጁ ትቼ በባጃጅ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ወሰድኳት። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቀን ስንገባ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ናት። «አንቺ፣ ዋናው ሐኪም የታለ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ አባባ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። አነጋገሯ የደጋ ነው።

እንደምታውቁት ድሬ አንቱታ አያውቅም። ሽማግሌውንም «አንተ» እንላለን፣ የሚቀየም የለም። የኔ «አንቺ» ግን የዚያን ቀን የድሬው «አንቺ» አልነበረም። እሷም ገብቷታል።

የግፊት መለኪያውን ባለቤቴ ክንድ ላይ አስራ ለካች፣ ጻፈች። ከዚያ ደግማ ነፋችውና ተወችው። ካርድ ትሞላለች፣ ሰዓቷን ታያለች፤ ጨርቁ እንደተነፋ ነው። የባለቤቴ ጣቶች መጥቆር ጀመሩ። ጮህኩ። «ረስተሽዋል እኮ! የሰው እጅ ልትቆርጪ ነው?» ወረፋ ላይ ያሉት በበሩ አንገታቸውን አስገቡ፣ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። «ቅረጻት፣ ሕዝብ ይያት» ያለው ሌላ ሰው ነው። እኔ ተው አላልኩም።

«አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት አባባ፣ አንድ ደቂቃ ቀርቶኛል» አለች፣ ስልኩን ዞር ብላም አላየችው። ደቂቃው ሲሞላ ፈታችው። ከክርኗ ዝቅ ብላ በእስክሪብቶ ትንሽ አራት ማዕዘን ሠራችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ መቁጠር ያዘች። ቆዳው ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ቀያይ ነጥቦች ወጥተዋል። ለካ ያ ሁሉ ምርመራ ነበር። «ደንጌ ሳይሆን አይቀርም፣ ደሟን እንየው» አለች።

ደንጌ ለድሬ እንግዳ አይደለም። በ2006 መጀመሪያ ላይ ነው እዚህ የተገኘው፤ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ስንቱን ሰው እንዳጎበጠ ማንም አልረሳውም። ሁለቱንም የምታመላልሰው ያቺው በቀን የምትነክስ ትንኝ ናት፣ የምትፈለፈለውም ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢያችን ውስጥ በደረደርነው በርሜል ነው።

ደሙ ታይቶ መጣ። ያዘዘችው ፓራሲታሞልና ኦአርኤስ ብቻ! እኔማ ፈነዳሁ። «ለዚህ ነው ግማሽ ቀን የቆምነው? ቢያንስ ዲክሎፌናክ ውጊያት!» እኛ ዘንድ እኮ መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከመ አይባልም፤ ጉሉኮስ ከተሰቀለለት ደግሞ ሐኪሙ ጎበዝ ነው። እሷ ግን አስረዳችኝ። ደንጌ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ይቀንሳል፣ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ መድማትን ያባብሳሉ፤ መርፌው ራሱ ጡንቻ ውስጥ ሊያደማ ይችላል። «የምፈራው ትኩሳቱ ሲለቃት ነው» አለች። «ተሻለኝ ብላ እንዳትቀር። ሆዷን ከቆረጣት፣ ካስታወካት፣ ድዷ ከደማ በሌሊትም ቢሆን ያምጧት።» ስልኬን ተቀብላ ጻፈች። እኔ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ደስ ብሎን ቡና አፈላን። ከሰዓት ስልክ ተደወለ፣ እሷ ናት፦ «እንዴት ናት? ሆዷስ?» ዞር ብዬ ሳያት ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ምራቋን ስትተፋ ደም አለበት። ያ ስልክ ባይደወል ቡናችንን ሦስተኛ ድረስ እንጠጣ ነበር፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ከ150 ሺህ በላይ መሆን የሚገባው ፕላትሌት 41 ሺህ ገብቷል። አስተኟት። ያኔ ጉሉኮሱም ተሰቀለ፣ በልክ፣ ጠብታው እየተቆጠረ። ሁለት ሌሊት ያቺው ልጅ እየተመላለሰች ግፊቷን ስትለካ አየሁ። ለመሳደብ ያፈጠነኝ አንደበት ይቅርታ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀበት።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ ሐኪም ካየ ኮፍያውን አንስቶ ነው የሚያልፈው። የዘመናዊ ሕክምና ፈር ቀዳጁ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የጨርጨርን አውራጃ ሲገዙ እንኳ ሹመታቸው «ሐኪም» የሚለውን ከስማቸው አላወረደውም። እኛ ምን ነካን? ቅሬታው ውሸት ነው አልልም። መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ እንባላለን፤ ራሱን ላመመው ሁሉ አልትራሳውንድ የሚያዝ የግል ክሊኒክም አውቃለሁ። ግን በጀቱን የቆረጠው ሰው ፊታችን የለም፣ መድኃኒቱን ያላስገባውም የለም። ያለችው እሷ ናት፣ ስለዚህ እሷ ላይ እንጮሃለን። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች የደሞዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ «ደፈሩን» ብዬ ሱቄ በር ላይ ከለፈለፉት አንዱም እኔ ነበርኩ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ሰው እኔን ብቻ ፍለጋ ይመጣል፣ ጓደኞቼም የሚሠሩት ይህንኑ ነው» ብላ። ስለዚህ ጥቆማዬ እንዲህ ነው፦ ትኩሳት ይዟችሁ ስትሄዱ ወጣት ሐኪም ካጋጠማችሁ ዋናውን አምጡ አትበሉ፤ ግፊት መለኪያው ክንዳችሁ ላይ ከቆየ ታገሱ፤ «መርፌ አያስፈልግም» ከተባላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ እንጂ ፋርማሲ ሮጣችሁ ራሳችሁ እንዳትገዙ። ሳቢያን አካባቢ ሆናችሁ የት እንደምትሠራ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመጋላ አንድ ኪሎ ሙሸበክ፣ ያንን የድሬ ጣፋጭ፣ ይዤላት ሄድኩ። አልወስድም ብላ ለጽዳቶቹና ለነርሶቹ አከፋፈለችው፣ አንድ ቁራሽ ብቻ ቀመሰች። ጣቷን በሶፍት እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ።

«በርሜሉን ከደንከው አቦ?»

«ከደንከው» አለችኝ። አንቱታው ቀርቷል፣ ድሬ ገብቷታል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ግን በርሜሉን አልከደንኩም ነበር። «አዎ» አልኳትና በቀጥታ መክደኛ ልገዛ ወደ መጋላ ተመለስኩ።